ኖራ የነካው እጅ

በኪልቫራ አጥቢያ በረኛ የሆነ ሁሉ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት እጁን ኖራ ያስነካል። የሜዳው መስመር የሚሰመርበት ባልዲ ከመልበሻ ቤቱ ጀርባ ይቀመጥለታል፤ ሁለት እጁን ነክሮ፣ አራግፎ፣ ዱላውን አንስቶ ይገባል፤ ጨዋታችን ኸርሊንግ ነው፣ እንደ ገና ኳስ በዱላ የሚመታበት። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ "ዱላው እንዳያዳልጥ ነዋ! ሞርቲ ዋንጫውን ያመጣልን እንዲህ አድርጎ አይደል?" ይሏችኋል። ከዚያ ወደ ክለቡ አዳራሽ ይዘዋችሁ ይገቡና ፎቶውን ያሳዩአችኋል። አሥራ አምስት ሰዎች ናቸው፤ የአንዱ እጅ እስከ አንጓው ነጭ ነው።

ያ ሰው አባቴ ነው። ኖራ ደግሞ ቆዳ ይበላል እንጂ ዱላ አያስይዝም። ይህን ብዬ ብዬ ሰልችቶኛል። "አንቺ ስለ ኸርሊንግ ምን ታውቂያለሽ ዴላ፣ ይልቅ ሻይሽን አፍዪልን" ይሉኛል። አፈላላቸዋለሁ፤ ምን ላድርግ።

ለነገሩ እኔም ብሆን ታሪኩን ለብዙ ዓመት አጣምሜ ነው ያወራሁት። ሰባት ዓመቴ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ሁሉን ታያለች፣ ሁሉን ትሰማለች፣ ከዚያ ሁሉን እንደፈለገች ትገጣጥመዋለች።

ቤታችን ከወንዙ ወዲህ ነው። እናቴ ቴሲ የማዶ ሰው ናት፣ የካሄርሌግ። በብስክሌት ድልድዩን ለመሻገር ሻይ እስኪፈላ አይፈጅም፤ ኸርሊንግ ሲነሳ ግን ማዶና ወዲህ ሌላና ሌላ አገር ነው። ሰው የሚጫወተው ለተወለደበት አጥቢያ ነው፤ ሲሞትም ማልያውን ሣጥኑ ላይ ያለብሱለታል። እናቴ ስታገባ ስሟን ለውጣለች፣ ቤቷን ለውጣለች፣ የምታስቀድስበትን ቤተ ክርስቲያን ለውጣለች። ቡድኗን አልለወጠችም፤ ለውጪ ያላትም የለም። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ለሰው አይባልም።

ሌላም ወግ አለን። ወንድ ልጅ ሚስት ሲያገባ እናቱ የእሳት መቆስቆሻውን ለምራቷ ታስረክብና ከምድጃው ግድግዳ ኋላ ወዳለው የምዕራቡ ክፍል ትገባለች። የቤቱ ምርጥ ዕቃ አብሯት ይገባል፣ ክብሯም እንዳለ ነው፤ ወጥ ቤቱ ግን ከዚያ ወዲያ የምራቷ ነው። የአባቴ እናት፣ አያቴ፣ ግን አልገባችም። "እርጥበት ነው ክፍሉ፤ ሳንባዬን ልትጨርሱት ነው?" ትላለች። በምዕራቡ ክፍል የሚኖሩት የድንች ጆንያዎችና የአህያው ኮርቻ ነበሩ። አያቴ ወጥ ቤቱን ተጎራብታ ትተኛለች፣ ቀን ቀን እሳቱ አጠገብ ትቀመጣለች፣ መቆስቆሻው ከእጇ አይለይም። እናቴ በገዛ ቤቷ ማገዶ ለመጨመር ታስፈቅዳለች። ይህን ሁሉ በየቀኑ አየው ነበር። አያት ማለት እሳት አጠገብ የምትቀመጥና መቆስቆሻ የምትይዝ ሰው ናት፤ በቃ፣ የእኔ እውቀት ይኸው ነበር።

አባቴ ቤት ውስጥ ቃል አይወጣውም። ሲርበው ወንበሩን ይስባል፣ ሲደሰት ቆቡን ወደ ኋላ ይገፋል። ጎሉ አፍ ላይ ሲቆም ግን ሌላ ሰው ነው። በረኛ ሜዳውን ሁሉ ከኋላ ሆኖ ስለሚያይ ተከላካዮቹን በድምፁ ነው የሚነዳቸው፤ የአባቴ ድምፅ ደግሞ ድልድዩን ተሻግሮ ይሰማ ነበር። "ሚኮ! ግራህን! ግራህን አልኩህ፣ አንተ ጅል!" ሚኮ ጎረቤታችን ነው፤ አባቴ ፊት ቆሞ የሚከላከለው እሱ ነበር። "ከአባትሽ ጋር በሳምንት አንድ ቀን ነው የማወራው፤ እሱም ሲሰድበኝ" ይለኛል።

በዚያ ዓመት ኪልቫራና ካሄርሌግ ለአውራጃው ዋንጫ ደረሱ። ጨዋታው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ምሽት እራት ላይ ነን። እናቴ ዳቦዋን ድስቱ ውስጥ ከታ እሳቱ ላይ ጥዳለች። አያቴ መቆስቆሻውን ሰደደችና ድስቱን ወደ ዳር ገፋችው።

"ያርራል" አለች።

"ገና መጣዴ ነው እማማ" አለች እናቴ።

"እኔ ዳቦ ስጋግር አንቺ አልተወለድሽም።"

እናቴ ወደ አባቴ ዞረች። አባቴ ድንቹን ይልጣል። ቆማ ጠበቀችው፤ ድንቹን ላጠ፣ ጨው ነሰነሰበት።

"ሜዳ ላይ ለስድስት ተከላካይ ትጮሃለህ" አለችው ቀስ ብላ። "ሰዓት ሙሉ ትጮሃለህ። እኔ የምለምንህ አንድ ቃል ነው ሞርቲ፤ እሱንም እዚህ፣ በገዛ ቤትህ።"

ስለ ጨዋታው የምትመክረው መሰለኝ። "አባዬ እኮ ቤት ውስጥ አይጮህም" አልኳት፤ ልረዳው ብዬ ነው። ማንም አልሳቀም።

በማግስቱ ሻንጣዋን ብስክሌቷ ላይ አሰረች። ፀጉሬን ጎንጉና ግንባሬን ሳመችኝ። "መቼ ትመጫለሽ?" አልኳት። "አባትሽን ጠይቂው" አለች። ጠየቅሁት። ጫማውን አየ። የመለሰችልኝ አያቴ ናት፦

"ወንድሟ ሴናን የሚጫወት አይደል? ወደ ወገኖቿ ሄዳ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ትመጣለች።"

ነገሩ ገባኝ። ከዚያ የበለጠ የሚገባ ነገር አልነበረም። ሱቅ ብሄድ ባለሱቋ "እናትሽ ከዳችን አይደል?" ብላ ከረሜላ ትሰጠኛለች። ከቅዳሴ ስንወጣ አባ ሊዲ ራሴን ዳብሰው "አይዞሽ፣ ለስለላ ነው የሄደችው፤ ምስጢራቸውን ሁሉ ይዛልን ትመጣለች" ይሉኛል። የሚኮ ሚስት ኬት ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን ልታበጥርልኝ ስትመጣ "የማዶ ደም አይታመንም" እያለች ትስቃለች።

አሁን ሳስበው ሁሉም ያውቁ ነበር። በዚያ ዘመን "ባሏን ትታ ሄደች" የሚባል ነገር በአፍ አይወጣም፤ ከወጣ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ አጥቢያው በሙሉ፣ ባለሱቋም ቄሱም፣ አያቴ የወረወረቻትን ምክንያት ተቀብለው በቀልድ አሽሞነሞኗት። ደግነት ነበር። እኔ ቀልዱን እንደ እውነት ይዤ ቀን እቆጥር ነበር።

እናቴን ካደግሁ በኋላ "ለምን ይዘሽኝ አልሄድሽም?" ብያታለሁ። ይህ ነገር ሆዴ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቆይቷል፣ አልዋሽም። "አንቺን ይዤ ብሄድ መሄዴ የምር ይሆን ነበር" አለችኝ።

ጨዋታው ኤኒስ ከተማ ነበር፣ በዝናብ። ኬት ጭን ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ከአባቴ አልነቀልኩም። እስከ ዕረፍት እየመራን ነበር፤ ድምፁ እስከ እኛ ይመጣል። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ከጎሉ ኋላ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ በካሄርሌግ ሰዎች መሀል፣ ግራጫ ካፖርት አየሁ። እናቴ ናት! እጇን አጥሩ ላይ አድርጋ ቆማለች። አትጮህም፣ አታጨበጭብም። አባቴ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አያት።

ከዚያ በኋላ አባቴ ዝም አለ። እንዳለ ዝም። ሚኮ በየደቂቃው እየዞረ "ወዴት? ሞርቲ፣ ወዴት ልሂድ?" ይላል፤ መልስ የለም። ተከላካዮቻችን እርስ በርስ ተጋጩ። ሊያልቅ ሲል አጎቴ ሴናን በሚኮ ግራ ሾልኮ አለፈና ኳሷን መረቡ ውስጥ ከተታት። እኩል ለእኩል ወጣን። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ጨዋታው ከሦስት ሳምንት በኋላ ይደገማል ተባለ።

ምርር ብዬ አለቀስኩ። "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ዋንጫው የትም አይሄድ" አለችኝ ኬት። ዋንጫው ገደል ይግባ! ጨዋታው ሲያልቅ ትመጣለች ተብዬ ነበር፣ ጨዋታው ግን አላለቀም። ይህን ያደረገችው ደግሞ ራሷ እናቴ ናት፤ ለወንድሟ ስትል ከኋላ ቆማ የአባቴን ድምፅ ነጠቀችው ብዬ ነው ያመንኩት። በዚያ ቀን ጠላኋት። ስንመለስ ካሚዮኑ ላይ ሚኮ አባቴን "ሚስትህ ከኋላህ ብትቆም ምላስህን ዋጥክ? እኔ እኮ ሜዳ የምመጣው ከሚስቴ ሸሽቼ ነው!" ሲለው ሁሉም ሳቁ፤ ኬትም ሳቀች። አባቴ አልሳቀም።

"ልረብሸው አልነበረም" ብላኛለች እናቴ ካረጀች በኋላ። "ያ ሁሉ ድምፅ ከየት እንደሚወጣ በቅርብ ልየው ብዬ ነው። ሲያየኝ ጠፋበት። ያን ቀን ማታ ከዚህ ሰው ምንም አይወጣም ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።"

በሳምንቱ አባቴ የድንቹን ጆንያዎች ከምዕራቡ ክፍል እያወጣ ጎተራ ማስገባት ጀመረ። ኮርቻውን አወጣ። ጭስ ማውጫው ውስጥ ቁራ ጎጆ ሠርታ ነበር፤ በረጅም እንጨት ጎርጉሮ አወረደው፣ ጥቀርሻ ለብሶ ወጣ። እሳት አንድዶ ክፍሉን ለቀናት አደረቀው። ከዚያ በርሜል ውስጥ ኖራ አራሰና ግድግዳውን መቀባት ያዘ። ሁሉንም የሚሠራው ከእርሻና ከልምምድ ሲመለስ ነው፤ ለማንም አንዳች አላለም። አያቴ እሳቷ አጠገብ ሆና ጀርባዋን ሰጥታው "ይረግፋል" ትላለች። "እርጥበቱ አይለቅም፤ የቀባኸው ሁሉ ይረግፋል።" አንደኛው ቅብ ደረቀ፤ አልረገፈም። ደግሞ ቀባው።

ሚኮ በበሩ አንገቱን አስገብቶ አየና "ምንድነው ይሄ? ለዋንጫው መኝታ ነው እንዴ?" አለው። ዋንጫ ሲገኝ በየተጫዋቹ ቤት ተራ በተራ ያድራል።

"ይሆናል" አለ አባቴ።

በቃ! እኔም የዋንጫው ክፍል ነው አልኩ። መስኮቱ ደፍ ላይ እንዲቀመጥ ወሰንኩ። ፀሐይ ይመታዋል፣ ከመንገድም ይታያል። አያቴን "እማማ፣ ዋንጫው ስንት ቀን ነው የሚያድረው?" ብላት ፊቷ ጠቆረ። አልገባኝም።

ጨዋታው የሚደገምበት እሑድ ጠዋት አባቴ የመጨረሻውን ቅብ እየቀባ ነበር። እኔ ግቢ ውስጥ ለዶሮዎቹ እህል እበትናለሁ። ድንገት ከቤት ውስጥ ድምፅ ወጣ፤ የሜዳው ድምፅ! ዶሮዎቹ ተበተኑ። የያዝኩት "ዛሬ! ዛሬ አልኩ እኮ እማዬ!" የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ ወለሉ ላይ የሚጎተት ከባድ ነገር ተሰማኝ።

ደስታዬን አልችለውም። ድምፁ ተመለሰ! ለጨዋታው እየተለማመደ ነው፣ ዛሬ እናሸንፋለን እያለ ነው ብዬ ሮጬ ገባሁ። አያቴ ወጥ ቤቱ መሀል ቆማለች፤ መቆስቆሻው ግድግዳውን ተደግፏል፤ ዓይኗ ቀልቷል። ከእሳቱ ርቃ ቆማ አይቻት አላውቅም ነበር።

"ምን ሆንሽ እማማ?"

"ጭሱ ነው" አለች።

ጭስ አልነበረም። እኔ አሁን የእሷን ዕድሜ አልፌዋለሁ፤ ሰው መጥቶ ምድጃዬን ልቀቂ ቢለኝ ምን እንደምል እንጃ። ያን ጠዋት ግን ስለ አያቴ ያሰብኩት ነገር የለም። ውጭ ካሚዮኑ ጥሩምባውን ይነፋል፤ "ሞርቲ! ጨዋታው አንተን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም!" እያለ ሚኮ ይጮሃል። አባቴ እጁን ለመታጠብ ጊዜ አልነበረውም። ዱላውን ይዞ፣ እኔን አንጠልጥሎ ሮጠ። ሜዳው ላይ ፎቶ አንሺው "እጃችሁን ጉልበታችሁ ላይ" አላቸው፤ አባቴም ነጭ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። የኪልቫራ የኖራ ወግ እንግዲህ ይኸው ነው።

ስለ ጨዋታው የሚያወሩ ሞልተዋል፤ እኔ አላበዛም። አባቴ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ጮኸ። ከጎሉ ኋላ ግራጫ ካፖርት አልነበረም፤ እኔ ብፈልግም አጣሁት። ሊያልቅ ሲል ድምፁ ሻክሮ ሻክሮ ጠፋ፤ የሚኮን ትከሻ በዱላው ጫፍ እየነካ ነበር የሚመራው። የመጨረሻዋን የሴናን ኳስ በደረቱ መለሳት። በአንድ ነጥብ አሸነፍን።

ስንመለስ መንገዱ ድልድዩ ጋ ሳይደርስ ካሄርሌግን ያቋርጣል። ገና አልጨለመም፤ እነሱ ግን በራቸውን ዘግተዋል፣ መጋረጃቸውን አውርደዋል። የተሸነፈ አጥቢያ እንዲህ ያደርጋል፤ ያሸነፈው ደግሞ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ እየዘፈነ ያልፋል። ከወንዙ ማዶ የእኛ ሰዎች መስቀለኛው መንገድ ላይ የለኮሱት እሳት ይታየናል። እናቴ እዚያ ቆማ የምትጠብቀኝ መሰለኝ፤ ጨዋታው አልቋልና።

የእናቴ ወላጆች በር ላይ ስንደርስ አባቴ የካሚዮኑን ጣሪያ በቡጢ ደበደበ፤ ካሚዮኑ ቆመ።

"ሊሳለቅባቸው ነው!" አለ አንዱ። ሳቅ ሆነ።

ሚኮ ግን ክንዱን ያዘው። "ተው ሞርቲ፣ ነውር ነው። ዛሬ እነሱ ቤት አይገባም።"

እውነቱን ነው፤ ያሸነፈ ሰው በዚያ ምሽት የተሸነፈውን ደጃፍ አይረግጥም። አባቴ ወረደ። እጁን ዘርግቶ እኔንም አወረደኝና ለሾፌሩ ሂድ የሚል ምልክት ሰጠው። ካሚዮኑ ዋንጫውን ይዞ ሄደ፤ ዘፈኑም አብሮ እየራቀ ሄደ። ኪልቫራ ዋንጫ ያገኘችው ያን ዓመት ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬም አልደገመችም። አባቴ ግን የዚያን እሳት ሙቀት አላየም። "ሞርቲ ኩራተኛ ነበር" የሚሉት ለዚህ ነው። አይ ሰው!

በሩን የከፈተው ሴናን ነበር፤ ግንባሩ ላይ ፋሻ ጠምጥሟል። "ምን ፈለግክ? አልበቃህም?"

አባቴ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ደግሞ ሞከረ፤ ትንፋሽ ብቻ። ሴናን በሩን ሊዘጋው ሲል እናቴ ከኋላው መጣች። አባቴ ያኔ ሁለት እጆቹን ዘረጋላት፣ እንዲሁ፣ መዳፉን ወደ ታች አድርጎ።

እኔ ይቅርታ የሚጠይቅ ነው የመሰለኝ፤ ወንድሟን ስላሸነፈባት። እናቴ አንዱን እጁን ይዛ ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። በአውራ ጣቷ ጥፍሩ ሥር ያለውን ኖራ ፋቅ ፋቅ አደረገችው፣ አሸተተችው።

"የምዕራቡ ክፍል?"

ራሱን ነቀነቀ።

"ነገርካት? አንተ፣ በአፍህ?"

ነቀነቀ፤ ጉሮሮውን በጣቱ አሳያት። እናቴ መሳቅ ጀመረች፣ ወዲያው ሳቋ ልቅሶ ሆነ።

"ምንድነው የሚለው?" አለ ሴናን።

"ምንም አይልም" አለች። "ብሎ ጨርሶ ነው የመጣው።"

ስለ ዋንጫው ማደሪያ የሚነጋገሩ መስሎኝ "እማዬ፣ ዋንጫው እኮ ሚኮ ጋ ነው" አልኳት፤ እንዳታዝን። እቅፍ አድርጋ አነሳችኝ። እሷን እሷን ትሸታለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ የጠላኋት ሁሉ ከላዬ ላይ ወረደ።

ድልድዩን በእግር ተሻገርን። እናቴ ሻንጣዋን የጫነችበትን ብስክሌት ትገፋለች፣ እኔ ኮርቻው ላይ ነኝ፣ አባቴ አንድ እጁን ጀርባዬ ላይ አድርጓል። እሳቱ ጋ አልሄድንም፤ በእርሻው በኩል ባለው መንገድ ዞረን ቤት ገባን። ወጥ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም፤ በምዕራቡ ክፍል በር ሥር ብርሃን ይታያል። እናቴ ካፖርቷን ሳታወልቅ መቆስቆሻውን ከግድግዳው አነሳች፣ እሳቱን ቆሰቆሰች፣ ማንቆርቆሪያውን ጣደች። ከዚያ በሩ ጋ ሄዳ አንኳኳች።

"እማማ፣ ሻይ ላምጣልዎ?"

አባቴ እስትንፋሱን ይዞ እንደቆመ አስታውሳለሁ።

"ስኳሩን እንዳትረሺ" አለች አያቴ ከውስጥ።

አባቴ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ። እኔ በማግስቱ ትምህርት ቤት "እናቴ የመጣችው ስላሸነፍን ነው" ብዬ አወራሁ፤ ብንሸነፍ ኖሮ እዚያው ትቀር ነበር ብዬ ስንት ዓመት እንደኖርኩ!

እናቴ አሁን ዘጠናን ከተሻገረች ቆይታለች። ባለፈው በጋ መኪናዬን ሜዳው ዳር አቁሜ ከውስጥ ሆነን ጨዋታ እናይ ነበር። የሚኮ የልጅ ልጅ ነው በረኛው። ወደ ባልዲው ጎንበስ ብሎ እጁን ነከረ፣ አራገፈ፣ እየተንጎማለለ ጎሉ አፍ ላይ ቆመ።

"ምን መሆኑ ነው?" አለችኝ እናቴ።

"እንደ አባዬ መሆኑ ነው።"

አየችው፣ አየችው። "የማንን ክፍል ሊቀባ ነው?" አለች።

ሳቄን ስጨርስ በሩን ከፈትኩ፤ ዛሬ ታሪኩን እነግራቸዋለሁ፣ ይብቃ፣ አልኩ። እናቴ እጅጌዬን ያዘችኝ። ተጋጣሚዎቹ ወደ ጎሉ እየመጡ ነው፤ ልጁ ነጭ እጁን ዱላው ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ቆሟል፣ ተከላካዮቹ እየዞሩ ያዩታል።

"እጁን ተይው" አለች። "ጩህ በይው።"

በሩን መልሼ ዘጋሁ፣ መስኮቱን አወረድኩና ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ።